የማይታየው ይቅደም፦ «አሮጌ ኪችንና መታጠቢያ ቤት በ10 ቀን» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አሮጌ ቤት እድሳት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሦስት የማውቃቸው ሰዎች በየተራ ላኩልኝ። ሦስቱም ቤታቸውን ሊያድሱ የተነሱ ናቸው፤ ሦስቱም «እስቲ እዪው፣ በዚህ ልንሠራ ነው» ነው ያሉኝ። አነበብኩት፤ ደግሜም አነበብኩት። ጸሐፊው ቅን ሰው መሆናቸው ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። አቅሙ ያነሰ ሰው በንጹሕ ኪችንና በንጹሕ መታጠቢያ ቤት እንዲኖር ይፈልጋሉ። እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ከምክሮቻቸው ገሚሱ አቅም የሌለውን ሰው ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ የሚያስከፍል ስለሆነ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ጽሑፉን ላላነበባችሁት ባጭሩ ይህን ይላል። ሴራሚክ ራሱ ውሃ ስለማያሳልፍ ከሥሩ ውሃ መከላከያ መቀባት ብክነት ነው። የማይፈስ ቧንቧ አይነካም። አሮጌ ሴራሚክ ከማፍረስ ይልቅ ቀለም ይቀባ፣ ወይም አዲሱ በላዩ ይለጠፍ። ፍሳሹ ከሸተተ ማጽጃ ኬሚካል ይፍሰስበት። ሻጋታ ካለ ሻጋታ የሚከላከል ቀለም ይቀባ። አሮጌው የኪችን ካቢኔት ወጥቶ ተገጣጣሚ ይግባበት። ኪችኑን ከሳሎን የሚለየው ግድግዳ ይፍረስ። ሥራው ሁሉ በ10 ቀን ያልቃል። ይህን ሁሉ የሚያስተሳስረው ሐሳብ «ያላችሁን ትንሽ ገንዘብ ዓይን በሚያርፍበት ላይ አውሉት» የሚል ነው። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ቀድሞ የሚወጣው ዓይን ለማያየው ነው። የሚታየውን በፈለጋችሁት ቅዳሜ መለወጥ ትችላላችሁ። ግድግዳና ወለል ውስጥ የተቀበረውን ለመለወጥ ግን የሚታየውን ሁሉ መስበር ግድ ይላል።

በጣም ካስደነገጠኝ ልጀምር። «ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ ውሃ በየት ይገባል?» ብለው ይጠይቃሉ ጸሐፊው። የሚገባው በመጋጠሚያው ነው። ሴራሚኩ ውሃ ባያሳልፍ እንኳ፣ በሴራሚኮቹ መካከል የሚሞላው ሲሚንቶ ነክ ግራውት ውሃ ይመጥጣል። ወለልና ግድግዳ በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ደግሞ ቤቱ በሙቀትና በቅዝቃዜ ትንሽ ትንሽ ስለሚላወስ ግራውቱ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል። ሻወር በተወሰደ ቁጥር በዚያች ስንጥቅ ጥቂት ውሃ ይወርዳል። ጥቂት ስለሆነች ማንም አያያትም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ይመስለኛል።

እኛ አሮጌ ቤታችን ውስጥ መጀመሪያ ያሳደስነው ሻወሩን ነበር። ያኔ የሠራልን ባለሙያ ልክ እንደ ጽሑፉ «ሴራሚኩ ይበቃል» አለን፤ አመንነው። ዓመት ካለፈ በኋላ ከሻወሩ ጀርባ ባለው መኝታ ክፍል፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቀለሙ እንደ ቆዳ መላጥ ጀመረ። እኛም ሞኞች ሆነን ፍቀን ደግመን ቀባነው። በሁለት ወሩ ተመልሶ ተላጠ። በመጨረሻ የሻወሩን ወለል አንድ ሴራሚክ በመሮ አነሳን። ሥሩ ያለው አሸዋ እንደ ጭቃ ሆኗል፤ ጠቁሯል፤ ክፍሉን የሞላው ሽታ አሁንም ትዝ ይለኛል። በእጄ ጨበጥ ሳደርገው ውሃው በጣቶቼ መሐል ወረደ። በላዩ ያለው ሴራሚክ ግን ያን ቀን እንኳ ያብረቀርቅ ነበር። ያ ሁሉ የሚያምር ሴራሚክ ተሰባብሮ በጆንያ ወጣ።

ጸሐፊው ብክነት ያሉት ሥራ ምን እንደሆነ ልግለጽ። ወለሉ ሲሚንቶ ሊሾ ከተደረገና ከደረቀ በኋላ፣ ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት፣ ፈሳሽ ውሃ መከላከያ በብሩሽ ሁለት ጊዜ ይቀባል። የመጀመሪያው በአንድ አቅጣጫ፣ ሁለተኛው የፊተኛው ደርቆ በመስቀለኛ፣ አንዱ የሳተውን ሌላው እንዲሸፍን። በማዕዘኖቹና በፍሳሽ መውረጃው ዙሪያ የጨርቅ ጥብጣብ አብሮ ይለጠፋል። ቅቡ በግድግዳው ላይ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ ሻወሩ ያለበት ግድግዳ ላይ ደግሞ ከሻወሩ ራስ በላይ ድረስ ይደርሳል። ከዚያ የሚዘለለው ግን መዘለል የሌለበት ነገር ይመጣል። መውረጃው ይደፈናል፣ ወለሉ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይሞላል፣ ውሃው የደረሰበት በእርሳስ ይሰመራል፣ ሙሉ አንድ ቀን ይጠበቃል። ውሃው ከመስመሩ ዝቅ ካለ፣ ወይም በሌላ በኩል እርጥበት ከታየ፣ ስሕተቱ ገና ሴራሚክ ሳይነካ ተገኘ ማለት ነው። የቅቡ ዋጋ ከሴራሚኩና ከሠራተኛው ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ውሃ ሞልቶ መጠበቅ ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

እዚያው ላይ ሳለሁ አንድ ነገር ልጨምር። ወለሉ ወደ መውረጃው ማዘንበል አለበት፤ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል። ይህ የሚስተካከለው በሊሾው ነው። ሴራሚክ አንጣፊው በማጣበቂያ ውፍረት «አስተካክለዋለሁ» ካለ አትቀበሉት። እግር ሥር ውሃ የሚያቁር ሻወር ሁሉ ታሪኩ እዚህ ይጀምራል። ማዕዘኖቹ ላይ ደግሞ ግራውት አይሞላም፤ ከቤቱ ጋር የሚለጠጥ ሲሊኮን ነው የሚሞላው።

ወደ ቧንቧው ልመለስ። «የማይፈስ ቧንቧ አይነካም» የሚለው ምክር ሲሰሙት ልክ ይመስላል፤ ለአዲስ ቤትም ልክ ነው። ለአሮጌ ቤት ግን አይሆንም። በአሮጌ ቤቶች ግድግዳ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ዚንክ የተለበጠ የብረት ቧንቧ ነው። ዚንኩ ብረቱን ለዓመታት ይጠብቀዋል። ዚንኩ ሲያልቅ ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል፤ ዝገቱም እያበጠ የውሃውን መንገድ ያጠበዋል። ከቤታችን የወጣውን አንድ ቧንቧ በመጋዝ አስቆርጬ ነበር። በውጭ ሲታይ ደህና ነው፤ ውስጡ ግን ቡናማ ቅርፊት ሞልቶት እስክሪብቶ በግድ ነበር የሚያልፈው። አንድም ጠብታ ፈሶ አያውቅም! «የማይፈስ» ስለሆነ ብንተወው ኖሮ አዲሱን ሻወር የምንገጥመው በዚያ ቀዳዳ ላይ ነበር።

እንግዲህ ግድግዳ ሳይሰበር እንዴት ይታወቃል? ጠዋት መጀመሪያ የሚወርደውን ውሃ በነጭ ዕቃ ቅዱና ቀለሙን እዩ፤ ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ ዝገት ነው። ከዚያ ኪችን ያለውን ቧንቧ ክፈቱና ሌላ ሰው መታጠቢያ ቤት ያለውን ይክፈት። አንዱ ብቻውን ሲከፈት ደህና ወርዶ ሁለተኛው ሲጨመር ክር ካከለ መንገዱ ጠቧል። ቀደም ሲል የተጠገነ ቦታ ላይ መዳብ ከብረት ቧንቧ ጋር በቀጥታ ተጋጥሞ ካገኛችሁም ያ መጋጠሚያ ከሌላው ፈጥኖ እንደሚበላ እወቁ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በውሃ ውስጥ ሲነካኩ አንዱ ሌላውን ያስበላል።

የሚተካው ብዙ ጊዜ ፒፒአር የሚባለው በሙቀት የሚበየደው የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። ለሙቅ ውሃ የሚሆነው ግድግዳው ወፈር ያለው ነው፤ ፒኤን 20 ተብሎ ላዩ ላይ ይጻፋል። ቀጭኑን ለሙቅ ውሃ መዘርጋት ቁጠባ አይደለም። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ቧንቧው ውሃ ተሞልቶ ከተለመደው ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ በሚሆን ይፈተናል፤ ሠራተኛው የመፈተሻ ፓምፕ ከሌለው ያለው ሰው ይፈለግ። እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ የውሃ መዝጊያ ይኑረው። ከዚያም፣ እባካችሁ ይህን እንዳትረሱ፣ ልስን ከመጀመሩ በፊት ሜትር ግድግዳው ላይ ዘርግታችሁ እያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንሱ። ከአምስት ዓመት በኋላ መስቀያ ልትመቱ ስትነሱ ቧንቧው የት እንዳለ የምታውቁት በዚያ ፎቶ ነው።

ቁጠባው ታዲያ የቱ ላይ ነው? የሽንት ቤቱን መቀመጫና የዕቃ ማጠቢያውን ከቦታቸው ባለማንቀሳቀስ። የሽንት ቤት ፍሳሽ 110 ሚሊ ሜትር የሚያህል ወፍራም ቧንቧ ነው፤ እስከ ዋናው መስመር ድረስ እያዘነበለ መሄድ ስላለበት አንድ ሜትር ወደ ጎን ማዞር ወለሉን ሁሉ ያስቆፍራል። ኪችኑና መታጠቢያ ቤቱ አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ከሆነ ደግሞ ያን ግድግዳ አንድ ጊዜ ብቻ ከፍታችሁ የሁለቱንም ቧንቧ አሠሩ። ጸሐፊው «ዘንድሮ ኪችኑን፣ ለከርሞ መታጠቢያ ቤቱን» ያሉት ለኪስ የሚቀል ይመስላል፤ ግን ግድግዳው ሁለቴ ይሰበራል። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ የሁለቱንም ቧንቧ ዘርግቶ የአንዱን ማሳመሪያ ለከርሞ ማቆየት ይሻላል።

ስለ ሽታው የተጻፈው ቢያንስ ሰውን አይጎዳም ብዬ ልተወው ነበር፤ ግን ይጎዳል። ጠንካራ የፍሳሽ ማጽጃ ደጋግሞ ማፍሰስ አሮጌ ቧንቧን ይበላል፤ ከሌላ ማጽጃ፣ ለምሳሌ ከበረኪና ጋር ከተገናኘ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ሊወጣው ይችላል። ሽታው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከቆሻሻ ሳይሆን ከሲፎን ነው። ሲፎን ማለት ከመታጠቢያው ሥር የሚታጠፈው ቧንቧ ነው፤ በዕቅፉ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይይዛል፣ ያም ውሃ የፍሳሹን ጋዝ እንዳይወጣ ይዘጋዋል። አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1775 ለሽንት ቤት የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ጥምዝ ቧንቧ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ነበር። ብዙ ቀን የማይታጠቡበት የወለል መውረጃ ውሃው ተንኖ ይደርቅና ይሸታል፤ መድኃኒቱ አንድ ኩባያ ውሃ ነው። ሽንት ቤቱ በተለቀቀ ቁጥር መታጠቢያው የሚያንጎራጉር ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፍሳሹ አየር የሚያገኝበት ቱቦ የለውም፣ ወይም ተደፍኗል ማለት ነው፤ የሚወርደው ውሃ የሌላውን ሲፎን ውሃ ስቦ ይወስደዋል። ይህን የሚፈታው የአየር ቱቦውን ማስተካከል ብቻ ነው።

በሴራሚክ ላይ ቀለም መቀባትን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር በከፊል እስማማለሁ። ውሃ የማያገኘው የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ወይም ከምድጃው ራቅ ባለ የኪችን ግድግዳ ላይ ይቻላል፤ እኛም አድርገነዋል። ስብ በደንብ ከታጠበ፣ ማብረቅረቁ በብርጭቆ ወረቀት ከጠፋ፣ ለሴራሚክ የሚሆን መነሻ ቀለም ከተቀባ ለዓመታት ይቆያል። ሻወር ውስጥና ወለል ላይ ግን ይላጣል። በአሮጌው ላይ አዲስ ሴራሚክ መለጠፍም ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ አሮጌውን አንድ በአንድ በብሎን መፍቻ እጀታ ኳ ኳ አድርጉት። እንደ ባዶ ጣሳ የሚጮኸው ለቋል፤ እርሱ ላይ የለጠፋችሁት አብሮት ይወድቃል። ወለል ላይ ከሆነ ከፍታው ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚጨምር በሩ ይጋጫል፣ መውረጃውም ይሰምጣል። ከሥሩ ውሃ መከላከያ የሌለው አሮጌ ሻወር ላይ መለጠፍ ደግሞ እላይ የነገርኳችሁን ጭቃ መክደን ነው።

«ሻጋታ የሚከላከል ቀለም» የሚለው እርጥበቱን ሳይነካ ጥላውን የማባረር ያህል ነው። ሻጋታ የሚያበቅለው እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ነው። መስኮት ካለ ይከፈት፤ ከሌለ ማራገቢያ ይገጠም፣ ቱቦውም እስከ ውጭ ድረስ ይሂድ። ኮርኒስ ውስጥ የሚተነፍስ ማራገቢያ እንፋሎቱን ከክፍሉ አውጥቶ ለጣሪያው እንጨት ነው የሚያስረክበው። በሩ ሥር አንድ ጣት የሚያህል ክፍተት ይተውለት፤ አየር ካልገባ አይወጣም።

ካቢኔቱን ጣሉ መባሉ እውነቱን ለመናገር አሳዝኖኛል። በአሮጌ ቤት ያለው ካቢኔት ብዙ ጊዜ ከጣውላ የተሠራ ነው፤ በምትኩ ግዙ የሚሉን ርካሹ ተገጣጣሚ ደግሞ ቺፑድ ነው። ቺፑድ ጠርዙ ላይ ውሃ ካገኘ እንደ ራሰ ዳቦ ያብጣል፣ ካበጠ ደግሞ አይመለስም። ከመጣላችሁ በፊት ዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ሳጥን ባዶ አድርጋችሁ በባትሪ እዩት፤ የሚበሰብሰው እርሱ ነው። ሌሎቹ ደረቅ ከሆኑ ያንን አንዱን ብቻ አሠሩ። ለቀሩት ማጠፊያና እጀታ ለውጡ፣ በሮቹን ቀቡ። ከፍታውንም ለኩ፦ ከክርናችሁ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ወገብ አያሳምምም፤ አሮጌው ካጠረ ከሥሩ እግር ማስገባት ይበቃል። በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቁ ግን ተጠንቀቁ። የቆየ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፤ ብናኙ በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው። ውሃ እያስነኩ ፋቁ፣ ልጆች ከቤት ይውጡ። አሮጌ የፕላስቲክ ወለል ንጣፍና የሲሚንቶ ቆርቆሮ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አይፋቅም፣ አይሰበርም፤ እንዳለ ተሸፍኖ ይቀመጥ፣ ወይም የሚያውቅ ሰው ያንሳው።

ግድግዳ አፍርሱ የሚለውን በአጭሩ ልመልስ። ጣሪያ ወይም ፎቅ የተሸከመ ግድግዳ መሆኑን መሐንዲስ ሳያይ መዶሻ አይነሳ። ጠባብ ኪችን የሚሠራው በአቀማመጡ ነው። ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1926 ለጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ የመኖሪያ ቤቶች የነደፈችው ኪችን 1.9 በ3.4 ሜትር ገደማ ነበር፤ በሺዎች በሚቆጠሩ ቤቶች ተገጥሞ ሰው ሲያበስልበት ኖሯል። ማጠቢያው፣ ምድጃውና መክተፊያው በጥቂት እርምጃ ውስጥ እንዲሆኑ አድርጋ ነው ያስቀመጠቻቸው። ያንን ማስተካከል ሳይፈርስ ይቻላል።

ጽሑፉ አንድም ቃል ያልተነፈሰበት ነገር ኤሌክትሪክ ነው። በአሮጌ ቤት የተዘረጋው መስመር የመሬት ሽቦ የሌለው፣ ለአምፖልና ለሬዲዮ የታሰበ ሊሆን ይችላል። በእርሱ ላይ የሻወር ውሃ ማሞቂያ መቀጠል ሕይወት ያስከፍላል። ማሞቂያውም ምድጃውም የየራሳቸው መስመርና ብሬከር ይኑራቸው፤ የመሬት ሽቦ ይዘርጋ፤ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ የሚዘጋ መከላከያ ብሬከር ይገጠም። ግድግዳው ለቧንቧ ተከፍቶ ሳለ ሽቦውን መዘርጋት ተጨማሪ ወጪው ትንሽ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትተዉ ይህን አትተዉ።

የ10 ቀኑ ነገር ሊሾው ላይ ይፈርሳል። ሲሚንቶ ሊሾ በግምት በቀን 1 ሚሊ ሜትር ነው የሚደርቀው፤ 4 ሴንቲ ሜትር ከፈሰሰ ከወር በላይ ይፈልጋል። በ10 ቀን የጨረሰ ሰው ወይ ሊሾ አልነካም፣ ወይ እርጥቡ ላይ አንጥፏል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ገንዘቡንም እስከ መጨረሻው ሳንቲም አትመድቡት፤ ከአምስት አንዱን እጅ አስቀምጡ፣ አሮጌ ግድግዳ ሲከፈት ያልተጠበቀ ነገር አያጣም። ሴራሚክም ስትገዙ ከስፋቱ 10 በመቶ ጨምሩ፣ ካርቶኖቹ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ተመሳሳይ መሆኑን እዩ። የተለያየ ቁጥር ያለው ቀለሙ ስለሚለያይ የተሰበረውን ኋላ መተካት ያስቸግራል።

የኛ ኪችን ዛሬም ባልተጨረሰ አንድ ግድግዳ ነው ያለው፤ ልስኑ ብቻ፣ ያለ ሴራሚክ። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ እዚያ ላይ ያርፋል፤ እኔም አያለሁ። መኝታ ክፍሉ ግድግዳ ግን ከዚያ ወዲህ አልተላጠም፣ ሁለት ቧንቧ አብሮ ሲከፈትም ውሃው ሙሉ ነው።

የጽሑፉን ጸሐፊ አንድ ነገር በአክብሮት እለምናለሁ። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ይተዉት፤ በሌሎቹ ነጥቦች ልንከራከር እንችላለን። «ውሃ መከላከያ ብክነት ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ግን ያንሷት። ጽሑፉን ከላኩልኝ ሦስት ሰዎች አንዷ ሴራሚኳን የምታስነጥፈው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።